የጂማችን ግድግዳ ላይ ማን ይሳል? ኮነር፣ ዲሜትሪየስ እና የቀለም ነገር

የማራኪው ታጋይ (ክሩን የከፈተ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጎንደር ማራኪ ሠፈር የምንሠራበት ጂም ግድግዳው ሰሞኑን ተለሰነና ማስተር «አንድ ተፋላሚ እናስልበት፣ ማን ይሁን?» ብሎ ድምፅ አሰጠን። ከሃያ ምናምን ልጅ አብዛኛው ነጩን አየርላንዳዊ ኮነር ማክግሪገርን አለ። ጥቂቱ ካቢብ፣ ሁለት ሦስቱ አዴሳኛ። ዲሜትሪየስ ጆንሰን አንድ ድምፅ አገኘ፤ እሱም የኔ ነው። ወረቀቱ ሲነበብ «ማነው ደግሞ እሱ?» ያለኝ ልጅ ሦስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው!

እናንተም «ማነው» ካላችሁ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የዩኤፍሲን (ቡጢና ትግል የተቀላቀለበትን ፍልሚያ የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ድርጅት) የ57 ኪሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወስዶ እስከ 2018 ያልለቀቀ ሰው ነው (ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እየቀነሳችሁ አንብቡ)። 11 ጊዜ አስጠብቋል፤ ከሱ በፊት ሪከርዱ የአንደርሰን ሲልቫ 10 ነበር። 11ኛዋን ያላየ ሄዶ ይይ። ሬይ ቦርግን ከኋላ አቅፎ ወደ ላይ ያነሳውና ሲወረውረው፣ ሰውየው ገና መሬት ሳይነካ ክንዱን ጠልፎ ይዞ እጅ ያሰጠዋል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ስልኬ የዘለለብኝ መስሎኝ ወደ ኋላ መልሼዋለሁ።

ኮነርስ? ሁለት ቀበቶ በአንድ ጊዜ በመያዝ በዩኤፍሲ የመጀመሪያው ነው፣ አልክድም። ሻምፒዮኑን አልዶን በ13 ሰከንድ አጋድሞታል። ግን ከሁለቱ አንዱንም ቀበቶ አንድ ጊዜ እንኳ አላስጠበቀም። ዜሮ።

ዲሜትሪየስ በ2018 በሄንሪ ሴሁዶ በጠባብ ነጥብ ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ድርጅቱ እስያ ላለው ዋን ሻምፒዮንሺፕ ሰጥቶ በምትኩ ቤን አስክረንን ወሰደ። ቅዳሜ ገበያ ወይፈን እንደሚለዋወጡት።

ጥያቄዬ፦ ጥቁርነቱ ነው? ዝምተኛነቱ ነው? እኛስ ጎንደር ቁጭ ብለን፣ አንድ ሳንቲም ሳንከፍል በቴሌግራም እያየን፣ ፈረንጅ የመረጠውን የመረጥነው ለምንድነው? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታችሁ ቅዳሴ የምትቀሩ ሁሉ መልሱልኝ፣ ንስሐ ይሁናችሁ።

አዘዞ ከባድ ሚዛን

ወንድሜ፣ ሰውየው ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነው። ሰው ዝሆን ሲወድቅ ማየት ይወዳል፣ በቃ። ከዚያ ሚዛን ኮከብ የሆነ ነጭ አንድ ጥራልኝ? ቀለም ምናምን እያልክ አታወሳስብ።

ፖስታ ቤቱ ጋ

ቀለሙን ከጨዋታው እናውጣውና እንየው እስቲ። ኃይሌና ቀነኒሳ። ሁለቱም የኛ፣ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም የአርሲ ልጅ። የኦሊምፒክ ወርቅ ቀነኒሳ 3፣ ኃይሌ 2። የ5,000ውንም የ10,000ውንም የዓለም ሪከርድ ከኃይሌ እጅ የወሰደው ቀነኒሳ ነው፤ 12፡37.35 እና 26፡20.31። ግን ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ ማንን ታያለህ? ያችን ሳቅ። ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ እንደታጠፈች የቀረችውን ክንድ። ቀነኒሳ ዝም ብሎ ሮጦ፣ ዝም ብሎ አሸንፎ ይሄዳል። እንግዲህ ይኼ በምን ቀለም ነው? ሰው ጨዋታ አዋቂ ይወዳል፣ አራት ነጥብ።

የማራኪው ታጋይ

@ፖስታ ቤቱ ጋ ይኼ ደህና መጣህ፤ እሺ፣ ዝምተኛ ይጎዳል። የኔ ነገር ግን የተናገረውስ ምን ተባለ ነው።

ታይረን ውድሊን ውሰድ። የፈርግሰን፣ ሚዙሪ ልጅ። በ2016 ሮቢ ላውለርን በመጀመሪያው ዙር ዘርሮ የ77 ኪሎ ቀበቶ ወሰደ፣ አራት ጊዜም አስጠበቀ፣ አንዷን በአቻ። ይኼ ሰው ዝምተኛ አይደለም። ሲናገር አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ፊልም ይሠራል፣ ይዘፍናል። በ2017 መጀመሪያ ላይ በቴሌቪዥን ወጥቶ በዩኤፍሲ ታሪክ እንደሱ ክፉ የተያዘ ሻምፒዮን እንደሌለና የቆዳው ቀለም ሌላ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንደማይሆን ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «አልቃሻ» ሆኖ ቀረ።

አሰልቺ ነበር ብትሉኝ እቀበላለሁ። ከቶምሰን ጋር ሁለተኛውንና ከማያ ጋር ያደረገውን ፍልሚያ ያየ እንቅልፍ ወስዶታል፣ እኔንም ወስዶኛል። ግን አሰልቺ ነጭ ሻምፒዮን አሰልቺ ተብሎ ያልፋል እንጂ «ምስጋና ቢስ» አይባልም።

ባለ ዲሽ ቀበሌ 18

ልጆች፣ እኔ እንደናንተ አላውቅም፣ ቤት ከፍቼ ኳስ የማሳይ ሰው ነኝ። ዩኤፍሲ ለኔ ገበያ አይደለም፤ እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ቀን ብቻ ነው ቤቱ የሞላልኝ፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ሜይዌዘርና ኮነር የተጋጠሙ ዕለት፣ በ2017 ኦገስት። ቦክስ እኮ ነበር፣ ኮነር በሙያው ቦክሰኛ እንኳ አይደለም። ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ለኮነር ይጮህ ነበር። ሜይዌዘርን «ይኼ ጉረኛ፣ ገንዘብ ቆጣሪ» ይሉታል። ኮነር ያን ሰሞን ከገንዘብ ሌላ ምን አወራ? ያንዱ ጉራ ሆነ፣ የሌላው ልበ ሙሉነት።

ደግሞ አንድ ነገር። ከፍልሚያው በፊት ሲሰዳደቡ ኮነር «ጨፍርልኝ» ብሎ መጨረሻ ላይ «ቦይ» አለው። ቤቴ የተቀመጡት «ልጅ ማለት ነው» ብለው ሳቁ። በአሜሪካ የባርያ አሳዳሪ የሸበተውን ሰው ይጠራበት የነበረ ቃል መሆኑን ልጄ ነው በኋላ ያስረዳኝ። ሳናውቅ የሳቅነው ስንት ነገር ይኖር ይሆን?

በአሥረኛው ዙር ኮነር ሲያልቅለት ሻይ ያልከፈለኝ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሄደ። እሱን ነው የማልረሳው።

ሽለላ በቃኝ

ጋሼ ባለ ዲሽ ልክ ብለዋል፣ ግን ለጎንደሬው ልቆምለት። ኮነርን የወደድነው በነጭነቱ አይደለም። ፎካሪ ስለሆነ ነው! አዝማሪ ሲያወድስና ሲወጋ እየሰማ ያደገ ሰው አፈኛ ይወዳል። ኮነር እኮ ቀኑን ቆጥሮ፣ ዙሩን ተናግሮ፣ «እንዲህ አድርጌ እጥለዋለሁ» ብሎ የሚጥል ሰው ነበር። ያ «ዘራፍ» ነው። ዲሜትሪየስ ከፍልሚያ በኋላ ሚስቱን አመስግኖ ቪዲዮ ጌሙን ሊጫወት ይሄዳል። ጨዋ ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ግን ለዝምተኛ ማን ይዘፍናል?

አዲስ ዓለም ሠፈር

@ሽለላ በቃኝ ፉከራውን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። ፎካሪ የሚቆጥረው የራሱን ግዳይና የአባቱን ስም ነው። የባላጋራውን አባትና ሃይማኖት እያነሳ የሚሳደብ ፎካሪ አይባልም፣ ባለጌ ነው የሚባለው። ኮነር ካቢብን የነካው በዚያ ነው። ከዚያ በፊት በኤፕሪል 2018 ብሩክሊን ላይ የእቃ መግፊያ ጋሪ አንስቶ ተፋላሚ የተሳፈረበትን አውቶቡስ መስታወት ሰበረ፣ ሰው አቆሰለ። ድርጅቱ ምን አደረገ? ቪዲዮውን ማስታወቂያ አደረገው። ኦክቶበር ላይ ሲጋጠሙ 2.4 ሚሊዮን ሰው ከፍሎ አየ ተባለ።

ያን እሑድ እኛ ሠፈር ከፈጅር ሰላት በኋላ የተኛ ወጣት አልነበረም። በአራተኛው ዙር ካቢብ አንገቱን አንቆ እጅ ሲያሰጠው ያልጮኸ ቤት የለም። ልብ በሉ ደግሞ፣ ካቢብ ፎክሮ አያውቅም። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ዝምተኛ ታዋቂ አይሆንም ያላችሁ፣ ወገን ካለው ይሆናል። ዲሜትሪየስ የጎደለው ምላስ ሳይሆን ወገን ነው።

ፖስታ ቤቱ ጋ

@አዲስ ዓለም ሠፈር ካቢብ ግን ነጭ ነው እኮ 😀

አዲስ ዓለም ሠፈር

እሱን አሜሪካ ሄደህ ንገራቸው። እንዲያውም አንድ ጉድ ልንገርህ። አሜሪካኖች ፎርም ላይ ነጭ ለማለት «ካውኬዥያን» ይላሉ። ብሉመንባክ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው ቃል ነው፣ ከካውካሰስ ተራራ። ካቢብ ሩሲያ ውስጥ ያለችው የዳግስታን ልጅ ነው፣ ማለትም የተራራው ባለቤት። ግን ሞስኮ ውስጥ የካውካሰስን ሰው ተሳዳቢው «ጥቁር» ብሎ ነው የሚሰድበው። አንዱን ሰው ኒውዮርክ ነጭ፣ ሞስኮ ጥቁር። ቀለም የሚባለው ነገር እንዲህ ነው።

ሰላም ቴኳንዶ

ስለ ወንድ ብቻ ነው የምታወሩት፣ እኔ የሴቶቹን ላምጣ። ዲሴምበር 30፣ 2016። ቀበቶውን የያዘችው አማንዳ ኑኔስ ናት፣ ብራዚላዊቷ ጠይም። ተጋጣሚዋ ከአንድ ዓመት በፊት ተሸንፋ የጠፋችው ነጯ አሜሪካዊት ሮንዳ ራውዚ። ማስታወቂያው በሙሉ የሮንዳ መመለስ ነበር፤ ሻምፒዮኗን ፈልገህ ነው የምታገኛት። ሮንዳ ደግሞ ያን ሰሞን ለጋዜጠኛ አፏን አልከፈተችም! እንግዲህ አፍ ነው የሚሸጠው ያላችሁ፣ ዝም ያለችዋ ነበረች የተሸጠችው። ፍልሚያው 48 ሰከንድ ፈጀ። ኑኔስ በቡጢ ጨረሰቻት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይቦርግ የምትባለውን ሻምፒዮን በ51 ሰከንድ ጥላ በሁለት ሚዛን ሻምፒዮን ሆነች፣ ከሴቶች የመጀመሪያዋ። ጂሜ ውስጥ ያሉ ሴት ሕፃናትን ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቁት ሮንዳን ነው።

አዘዞ ከባድ ሚዛን

ሮንዳ መንገዱን የከፈተች ናት እኮ፣ ሴት ዩኤፍሲ ውስጥ የገባው በሷ ነው። ያንን አትርሺ። ደሞ ዴሪክ ሉዊስን ምን ልትሉት ነው? ጥቁር፣ ከባድ ሚዛን፣ ሕዝብ የሚያብድለት። ካቢብና ኮነር በተጋጠሙበት ምሽት ቮልኮቭን ሊያልቅ 11 ሰከንድ ሲቀረው ዘርሮት፣ ቁምጣውን አውልቆ የተናገራትን ቀልድ ቤተሰብ ስላለ እዚህ አልጽፋትም። ዘረኛ ሕዝብ እሱን ይወዳል?

የማራኪው ታጋይ

@አዘዞ ከባድ ሚዛን እኔ ሕዝቡ ዘረኛ ነው አላልኩም። ሉዊስን እኔም እወደዋለሁ። ግን የሚወደዱት ጥቁሮች በምን ተወደዱ ብለህ ቁጠርልኝ። ሉዊስ በቀልድ። ራምፔጅ ጃክሰን ሰንሰለት አንገቱ ላይ አድርጎ እንደ ተኩላ እየጮኸ። ኪምቦ ስላይስ በጓሮ ድብድብ ቪዲዮ፤ በ2008 ስፖርቱ አሜሪካ ውስጥ በትልቅ ነፃ ቴሌቪዥን በዋናው ሰዓት ሲታይ ዋናው ተፋላሚ እሱ ነበር። ወይ ታስቃለህ ወይ ታስፈራለህ። እንደ ውድሊ ሱፍ ለብሰህ «ሒሳቤ ልክ አይደለም» ብትል ቦታ የለህም። ኮነር ግን ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ይሆናል፤ ቀልደኛ፣ አስፈሪ፣ ነጋዴ።

ነጩን አሜሪካዊ ኮልቢ ኮቪንግተንንም አስቡት። በ2017 ሳኦ ፓውሎ ላይ ማያን አሸንፎ የብራዚልን ሕዝብ በአገሩ ሰደበ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው ድርጅቱ ሊያሰናብተው ነበር፣ ያ ስድብ ነው ያተረፈው። ስድብ እንጀራ የሚሆንለት ማን እንደሆነ እዩ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ይህ ነገር በናንተ አልተጀመረም። ጥቁሩ ቦክሰኛ ጃክ ጆንሰን በ1908 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን አሜሪካ «ነጭ ተስፋ» ፍለጋ ወጣች። ጡረታ የወጣውን ነጭ ሻምፒዮን ጄፍሪስን ለምነው መለሱት፤ በጁላይ 4፣ 1910 ሪኖ ላይ ጆንሰን ጣለው፤ በብዙ ከተሞች ረብሻ ተነሥቶ ሰው ሞተ።

የኛም ስም ያለበት ቡጢ አለ፣ ይህን ታውቁ ይሆን? በጁን 25፣ 1935 ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ኒውዮርክ ላይ ገጠመ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ነው፣ አራት ወር እንኳ አልቀረውም። የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ፍልሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርጎ አየው። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ጨረሰው። ጎንደር ውስጥ ያን ቀን ዜናውን የሰማ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ እኛ ሳናውቀው ግን በኛ ስም የተደሰተ ሕዝብ ነበር።

ስለ ባሕርይም ብትጠይቁኝ፣ አሊና ፎርማን በ1974 ኪንሻሳ። ሁለቱም ጥቁር። ፎርማን የጀርመን እረኛ ውሻ ይዞ ከአውሮፕላን ወረደ፤ ኮንጎዎች ያን ውሻ የሚያውቁት በቤልጅግ ፖሊስ እጅ ነው። አሊ እጁን ዘርግቶ ሕዝቡ መሀል ገባ። ቡጢው ሳይጀመር ሕዝቡ ወስኖ ነበር።

የማራኪው ታጋይ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የካርኔራውን አላውቀውም ነበር፤ ለልጆቹ እነግርልዎታለሁ።

ጠዳ መንገድ

አፍሪካ ከተነሳ ይኼን እንጨርስ። በ2021 ኡስማን፣ አዴሳኛና ንጋኑ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሻምፒዮን ነበሩ። ሁለቱ ናይጄሪያ የተወለዱ፣ አንዱ ካሜሩን። በኋላ ዱ ፕሌሲ የሚባል ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ መጥቶ እነሱ የሚኖሩት ውጭ ነው፣ እኔ ግን የአፍሪካን አየር ተንፍሼ አፍሪካ ውስጥ የምሠለጥን ነኝ አለ። አዴሳኛ ነደደ። ዱ ፕሌሲ ጃንዋሪ 2024 ቀበቶውን ወሰደ፣ ኦገስት ላይ አዴሳኛን አንቆ አሸነፈው። ንግግሩ ግን ልክ ነው በበኩሌ። ፕሪቶሪያ የሚኖር ሰው ነው፣ ከሱ ወዲያ ምን አፍሪካዊ?

ሽለላ በቃኝ

@ጠዳ መንገድ የሱ አያቶች ከመጡ ወዲያ ስንቱ አፍሪካዊ ነው ከአገሩ የተባረረው? ኡስማን በስምንት ዓመቱ አሜሪካ ሄደ ተብሎ ደሙ ይለወጣል?

ጠዳ መንገድ

ላስቬጋስ ተወልዶ «ሐበሻ ነኝ» የሚለውን ዘመድህን ግን አንተው ነህ «ፈረንጅ ሆኗል» የምትለው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ሽለላ በቃኝ

[መልእክቱ ተነሥቷል]

አወያይ

@ሽለላ በቃኝ ወንድሜ፣ የሰው ዘመድ መንካት አይፈቀድም። እዚሁ ክር ላይ ፉከራና ብልግና ልዩነት እንዳለው ተነግሮሃል። ቀጥሉ።

ሰላም ቴኳንዶ

በዱ ፕሌሲ ነገር ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ልሽሽ? ባርሴሎና 1992፣ ደራርቱ 10,000ውን አሸንፋ ነጯን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን እጇን ይዛ ሜዳውን አብረው ዞሩ። ቤታችን ያ ፎቶ ነበር። እናቴ «ሁለቱም የአፍሪካ ልጆች» ትል ነበር። ዱ ፕሌሲ ላይ ያናደደኝ አፍሪካዊ ነኝ ማለቱ አይደለም፣ እነዚያ አይደሉም ማለቱ ነው።

መተማ ደርሼ የተመለስኩ

አንባቢ ብቻ ነበርኩ፣ ዛሬ ልጻፍ። ንጋኑ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ አይፎክርም፣ አያስቅም። ግን ያን ሰው ለማወቅ እኔ ንግግር አልፈለግሁም። ባትዬ በምትባል ከተማ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር አደገ። በረሃውን አቋርጦ ሞሮኮ ገባ፣ በባሕር ስፔን ተሻገረ፣ እዚያ ታሰረ፣ ፓሪስ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አደረ። ከዚያ በኋላ ነው እዚያው ፓሪስ ጂም የገባው። በ2023 ኮንትራቱ አልተመቸኝም ብሎ ቀበቶውን ትቶ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሪያድ ላይ የቦክስ ሻምፒዮኑን ታይሰን ፉሪን በቡጢ መሬት አስነካው። ዳኞቹ ለፉሪ ሰጡት እንጂ።

እኔ ሱዳን ድንበር ላይ የተመለስኩ ነኝ፤ አብረውኝ የነበሩት ቀጥለዋል። አንዱ ደውሎልኛል፣ አንዱ አልደወለም። ንጋኑ ሲገባ ሳይ ማን እንደሚታየኝ እናንተ ጨርሱት።

ፖስታ ቤቱ ጋ

@መተማ ደርሼ የተመለስኩ አይዞን ወንድምዓለም።

ቀለም ቀቢ ነኝ

ሥዕል ስለተነሳ ልግባ፣ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የሚያዩዋችሁ መላእክት ሁሉም ሁለት ዓይን አላቸው። በድሮው ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ከሃዲና ሰይጣን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳታነብ ወገኑን ታውቃለህ።

ይኼን ክር ሳነብ የታየኝ እሱ ነው። ኮነርን ሁለት ዓይን ሰጥተን ሣልነው፤ አውቶቡስ ሲሰብር እንኳ «አይ ኮነር!» እንላለን። ውድሊን በጎኑ ሣልነው፤ የተናገረው ሁሉ ከክፉ ዓይን የወጣ ሆነ። ዲሜትሪየስን ጭራሽ አልሣልነውም። መጀመሪያ ሥዕሉን የሣለው ግን እኛ አይደለንም። የምናየው ተቆርጦ የሚላክልንን ነው። የኮነር ንግግር ግማሽ ደቂቃ ሆኖ ስልክህ ላይ ይመጣል፤ የዲሜትሪየስ ጥበብ 25 ደቂቃ ቁጭ ብለህ የምታየው ነው። ማን ቁጭ ይላል?

ለማንኛውም ግድግዳውን የምትቀቡት መቼ ነው? ዋጋ እንነጋገር 😀

አዘዞ ከባድ ሚዛን

ኧረ ባክህ ሰውየው ማስታወቂያ ሊሠራ ነው ለካ የመጣው!

የማራኪው ታጋይ
ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ማታ

ላስታውሳችሁ ብዬ ነው። ክሩን ለማስተር አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰምቶ «ፍልሚያ ሳያዩ ነዋ የመረጡት» አለና ሳምንቱን ሙሉ ከሥልጠና በኋላ በፍላሽ አንድ አንድ ሙሉ ፍልሚያ አሳየን፤ ያለ ንግግር፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ድምፁን ዘግቶ። ዲሜትሪየስና ቦርግ፣ ኮነርና አልዶ፣ ኑኔስና ሮንዳ፣ ካቢብና ኮነር፣ ንጋኑና ሚዮቺች። ውድሊንና ማያንም አሳየን፤ በሦስተኛው ዙር ግማሹ ልጅ ጫማውን አሥሮ ወጣ። እዚያ ላይ ምንም ማለት አልችልም።

ትናንት እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ንጋኑ አሸነፈ። ኮነር ሁለተኛ ነው፣ አሁንም። ቀለም ቀቢው ቅዳሜ ይመጣል፣ ዋጋው ላይ ከማስተር ጋር ገና አልተስማሙም።

ዲሜትሪየስ ሁለት ድምፅ አገኘ። አንዱ የኔ ነው። ሌላኛው ማን እንደሆነ እየዞርኩ ብጠይቅም እስካሁን የነገረኝ የለም።